ሁለት ሀገር በአንድ ግራፍ

የናይጄሪያንና የደቡብ አፍሪካን ኢኮኖሚ ላወዳድር ስነሳ ግማሽ ቀን የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። ጥያቄዬ አጭር ናት፦ ማን የበለጠ አደገ? የሁለቱንም ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት፣ ማለትም ጂዲፒ፣ በዶላር ሰብስቤ ኤክሴል ላይ ደረደርኩና ግራፍ አወጣሁ።

የናይጄሪያ መስመር እ.ኤ.አ. 2013 ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተተኮሰ። በአንድ ዓመት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ምን ተአምር ተፈጠረ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ምክንያት ፈለግሁ።

ስህተቱ የእኔው ነበር። እስከ 2012 ያሉትን ቁጥሮች የወሰድኩት ከቆየ ሪፖርት ነው። የ2013ን ደግሞ ከአዲስ። በመሃል ናይጄሪያ ስሌቷን ቀይራለች። እስከዚያ ኢኮኖሚዋን የምትለካው 1990ን መነሻ ዓመት አድርጋ፣ ማለትም የየዘርፉን ድርሻ በዚያ ዓመት ሁኔታ እየመዘነች ነበር። በዚያን ጊዜ የሞባይል ኩባንያ የለም፤ ኖሊዉድ የሚባል የፊልም ኢንዱስትሪም ገና አልነበረም። በኤፕሪል 2014 መነሻውን ወደ 2010 ስታመጣው እነዚህ ሁሉ በወጉ ተቆጠሩ። የ2013 ጂዲፒ በሀገሪቱ ገንዘብ በናይራ ከ42 ትሪሊዮን ወደ 80 ትሪሊዮን ገባ። በዶላር ከ270 ቢሊዮን ገደማ ወደ 510 ቢሊዮን ገደማ መሆኑ ነው። ናይጄሪያ ደቡብ አፍሪካን በልጣ የአፍሪካ ትልቁ ኢኮኖሚ የተባለችው በዚህ መግለጫ ነው። በማግስቱ ግን ሱቁም፣ እርሻውም፣ ፋብሪካውም ያው የትናንቱ ነው። የተለወጠው ቆጠራው ብቻ ነው።

ደቡብ አፍሪካም በ2021 እንዲሁ አድርጋለች። የ2020 ጂዲፒዋ በ11 በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፦ የአንድ ሀገር ቁጥር በሙሉ ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ቀን የወረደ መሆን አለበት። አሮጌና አዲስ አልቀጥልም።

ይህን አስተካክዬ እፎይ ስል ሌላ ጉድ ገጠመኝ። በ2023 የናይጄሪያ ኢኮኖሚ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ እድገት እንዳስመዘገበ በወቅቱ ተነግሯል። በእኔ ግራፍ ላይ ግን ከ477 ቢሊዮን ዶላር ወደ 363 ቢሊዮን ወርዷል። አድጎ እንዴት ይወርዳል? መልሱ የምንዛሪ ተመን ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ናይራ ክፉኛ ወደቀ። እኔ የሳልኩት ምርትን ሳይሆን የናይራን ውድቀት ነበር።

ስለዚህ ዶላሩን ተውኩት። የእያንዳንዱን ሀገር ጂዲፒ በራሱ ገንዘብ፣ የዋጋ ንረት ከተቀነሰለት ሰንጠረዥ ወሰድኩ። 2014ን ለሁለቱም 100 አደረግሁ። የየዓመቱን ቁጥር ለ2014ቱ አካፍዬ በ100 ማባዛት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ናይራም የደቡብ አፍሪካው ራንድም ከግራፉ ይወጣሉ፤ የሚቀረው የእድገቱ ጉዞ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ ማን ሀብታም እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ በመግዛት አቅም የተስተካከለውን፣ ማለትም የሀገራቱን የዋጋ ልዩነት ያገናዘበውን የነፍስ ወከፍ ቁጥር ለብቻው አየሁ።

የነፍስ ወከፉን ነገር መጀመሪያ ላይ ችላ ብዬው ነበር፤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። በ2013 ናይጄሪያ በጠቅላላው ብትበልጥም ሕዝቧ የደቡብ አፍሪካን ሦስት እጥፍ ያልፋል። ለአንድ ሰው ሲካፈል ደቡብ አፍሪካ ከእጥፍ በላይ ትበልጣለች። እድገቱም ላይ ያው ነው። ኢኮኖሚ በ2 በመቶ አድጎ ሕዝብ ከ2 በመቶ በላይ ከጨመረ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ቀንሷል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ መቶውን መነሻ እንደያዝኩ ሁለቱንም መስመሮች ለሕዝብ ብዛት አካፍዬ እስከ 2023 ሳልኳቸው። ማን አሸነፈ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሁለቱም ከ100 በታች ናቸው።