ከፎቶው ጠርዝ ውጭ

ነሐሴ ገብቶ የአዳማ አቧራ ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ሲል እኔም ካሜራዬን አስቀምጬ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ወደ መደርደር እመለሳለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ ስላላቋረጠ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ካርቶን አውርጄ፣ ፎቶ ቤት ያሳተምኳቸውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ፎቶ ማንሳትን ማንም አላስተማረኝም፣ ተከፍሎኝም አላውቅም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት የእረፍት ቀኖቼን ሁሉ ማለት ይቻላል የወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የአዋሽ ሸለቆ ወፎች፣ ዛፎችና ውሃዎች፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጅቡቲ ተነስቶ በከተማችን ያልፍ የነበረው የአሮጌው ባቡር መንገድ። ሁለቱን ለየብቻ ነበር የማያቸው፤ በሁለት ፖስታ ለያይቼም አስቀምጣቸው ነበር። ዛሬ ግን የትኛው ፎቶ የትኛው ፖስታ ውስጥ እንደሚገባ መወሰን አቅቶኝ ብዙ ቆየሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ትንሽ ራቅ ብዬ ያነሳሁት ፎቶ ነው። ጊዜው ማለዳ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ቁመቱ ከሰው ወገብ የሚያልፍ ግራር በቅሏል፤ ከግራሩ ጀርባ በሩ የወለቀ ፉርጎ ዝጎ ቆሟል፤ ፀሐይዋ ከጎን ስለምታበራ እሾሁ ሁሉ አንድ በአንድ ነጥቶ ይታያል። ያዩት ሰዎች ወደውታል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ካነሳኋቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነበር።

ፎቶው ውስጥ የማይታየው ግን ይህ ነው። ስደርስ አንድ አዛውንት ከፉርጎው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሰማያዊ ካፖርት ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመዋል። እኔ የፈለግሁት ሰው የሌለበትን፣ ጸጥ ያለውን ቦታ ስለ ነበር ጠጋ ብዬ፣ “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለአንድ ደቂቃ ብቻ ፈቀቅ ይሉልኛል?” አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱና መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሰባት ስምንት ጊዜ አነሳሁ። ካሜራውን ዝቅ ሳደርግ፣ “ጨረስሽ ልጄ?” አሉኝ። ጨርሻለሁ ብዬ አመሰገንኳቸው። እሳቸውም ግራሩን በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ፣ “እኛ ብንሆን ይህ ሳምንት አያድርም ነበር” አሉ።

ለብዙ ዓመታት የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የተመደበላቸውን የሀዲድ ክፍል በእግር እየተመላለሱ የላላ ብሎን ያጠብቃሉ፣ ጎርፍ የወሰደውን ጠጠር ይመልሳሉ፣ ሣርና ቁጥቋጦ ይነቅላሉ። ሣር የሚነቀለው መንገዱ እንዲያምር አልነበረም፤ የባቡሩ መንኮራኩር እርጥብ ሣር ሲጨፈልቅ የሚወጣው ውሃ ሀዲዱን ስለሚያሙለጨልጨው፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነውና ያ ልክ እንዳይዛባ በብረት መለኪያ እየለኩ ይሄዱ እንደ ነበር በእጃቸው እያሳዩ አጫወቱኝ። አንዱ ሀዲድ ከሌላው በሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ ብረቱ በቀትር ሐሩር ሲለጠጥ መሄጃ ካላገኘ ይጣመማልና። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ እንቅልፍ ያስወስደኝ የነበረው ያ የማያቋርጥ ድምፅ መንኮራኩሮቹ እነዚያን ክፍተቶች ሲሻገሩ የሚሰማ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጠዋት ከእሳቸው ነው።

ስለ ግራሩ ያሰብኩት ሁሉ ያኔ ተለወጠ። እኔ ተፈጥሮ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አየሁ ብዬ ተደስቼ ነበር ያነሳሁት። እሳቸው ግን የሚያዩት ዕድሜ ልካቸውን ሲነቅሉት የኖሩትን ዛፍ ነበር፤ ነቃይ ሲጠፋ የበቀለውን። ሁለቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን የእኔን እውነት ካሜራው ሲይዘው የእሳቸውን እኔው ራሴ ፈቀቅ አድርጌዋለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል አብሬያቸው ተቀምጬ እያዳመጥኩ አንድም ፎቶ አላነሳኋቸውም። ከሁለት ወር በኋላ ፎቶውን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ ቆንጆ መሆኑን ነገሩኝና፣ “እኔ ከኋላሽ ቆሜ ነበር” አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ቦታቸውን ማስታወሳቸው ብቻ ነበር። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የመንገዱን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲዘረጋ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት፣ የአውሮፓ መንግሥታትም በመንገዱ ላይ ሲወዛገቡ ለዓመታት ከቆመ በኋላ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚወጣ መንገድ በመሆኑ የአዋሽን ሸለቆ እየተከተለ መጠማዘዝ ነበረበት፤ የአንድ ሜትሩ ጠባብ ሀዲድም ለእንዲህ ያለው ጥምዝምዝ መንገድ የሚመችና ወጪው የሚቀንስ ነው። አዳማም ሀዲዱ ሲደርስ ጣቢያ ሆነች፤ ገበያው፣ ማደሪያውና መኖሪያው በጣቢያው ዙሪያ ተሰባሰበ። በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሀዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነውና የድሮዎቹ ባቡሮች ሊሄዱበት አይችሉም። ይህን ሁሉ በየመጻሕፍቱ አገኘሁ። በቀን ሐሩር ብሎን ሲያጠብቁና ሣር ሲነቅሉ የኖሩትን ሰዎች ግን ባነበብኳቸው ገጾች ውስጥ አላገኘኋቸውም።

ሁለተኛው ፎቶ በጥር 2012 ዓ.ም. መተሐራ አጠገብ፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር የተነሳ ነው። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በሌሊት ተነስተን ፀሐይ ስትወጣ ደረስን። ፎቶው ላይ ጸጥ ያለ ውሃ፣ ከፈንታሌ ተራራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የጠቆረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከውሃው ውስጥ ደግሞ ደርቀው የቆሙ ግራሮችና በቅርንጫፎቻቸው ላይ ያረፉ ወፎች ይታያሉ። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ሳስተካክለው በቀኝ በኩል ያለው የድንጋይ ክምር ውበቱን ያበላሽብኛል ብዬ ቆርጬ አወጣሁት። ያ ክምር የባቡሩ መንገድ የሚያልፍበት ድልድል ነበር።

በእርግጥ የዚያ ቦታ ታሪክ በሙሉ ያለው በድልድሉ ውስጥ ነው። በሰቃ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የሀገራችን ሐይቆች ሲሸሹና ሲደርቁ መስማት በለመድንበት ጊዜ ይህኛው ያድጋል። ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠቅሱት ወደ ሐይቁ የሚገባው የከርሰ ምድር ውሃ መጨመሩን ሲሆን፣ በአካባቢው ያሉት የመስኖ እርሻዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ይናገራሉ። ውሃው እየገፋ ሲመጣ አውራ ጎዳናውም የባቡሩ መንገድም በድንጋይ እየተደለደለ ከፍ ማለት ነበረበት። እኔ ቆርጬ የጣልኩት ያን ነው፤ ሰው ከውሃው ጋር ሲታገል የከመረውን ድንጋይ።

እዚያው ሳለን ፍየሎቹን እየነዳ የመጣ አንድ የከረዩ ሰው አጠገባችን ቆመ። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ምን እንደምናይ ጠየቀን። ዛፎቹን ሳሳየው፣ በልጅነቱ ጥጃ ይጠብቅ የነበረው እነዚያ ግራሮች ሥር እንደ ነበር ነገረን። አሁን ያ ጥላ ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ደግሞ ጨዋማ ስለ ሆነ ከብት አይጠጣውም። ግጦሹን ወስዶ በምትኩ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ያልሰጠ ሐይቅ ነው ማለት ነው። ወፎቹ ያረፉባቸው ደረቅ ቅርንጫፎች ሲነሱ ያማሩብኝ ለምን እንደ ደረቁ ስላልጠየቅሁ ነበር። ዛሬ ያልተቆረጠውን ዋናውን ፋይል ፈልጌ አገኘሁት፤ ድልድሉ እንዳለ አለ። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ እንደ ቀድሞው አያምርም፤ ዓይን ከውሃው ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ቢሆንም ከእንግዲህ የማሳትመው ይህኛውን ነው።

ስለ ፈረስ ጋሪው ፎቶ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ምክንያቱም የዚያ ፎቶ ታሪክ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይታያል። አዳማን ከባጃጅ በፊት የሚያውቃት ሰው ሁሉ የጋሪውን ኮቴ ያስታውሳል። ያነሳሁት ከከተማዋ ዳር ሲሆን ፈረሱ ግንባሩ ላይ ቀይና ቢጫ ክር ተንጠልጥሎለታል፤ ዓይኑንም ከግራና ከቀኝ ቆዳ ጋርዶታል። ባለጋሪውን ላንሳህ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ “ፈረሱን አንሺው፤ ቤት የሚያስተዳድረው እሱ ነው” አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ ልጓሙን የያዘው እጁ ግን ፎቶው ውስጥ አለ፤ ዛሬ በደንብ ሳየው ከፈረሱ ይልቅ ያ እጅ ብዙ የሚናገር መሰለኝ።

በቆቃ ዳር የተነሱት አሥራ ሁለት ፎቶዎች ግን ባዶ ሆኑብኝ። አባ ኮዳዎቹ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ጉማሬው ጆሮውን ብቻ አውጥቶ፣ ውሃው በምሽቱ ብርሃን ወርቅ መስሎ ይታያል፤ በአነሳስ ረገድ ከሁሉም የተሻሉት እነዚህ ናቸው። ሐይቁ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ የተፈጠረ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ ሌላ ግን በዚያ ምሽት ማንን እንዳገኘሁ፣ ምን እንደ ተባባልን፣ አሣ አጥማጆቹ ከየት እንደ መጡ ምንም አላስታውስም፤ ከሩቅ ቆሜ በረጅም ሌንስ አንስቼ ተመለስኩ። በጀርባቸው ላይ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ጻፍኩና ወደ ካርቶኑ መለስኳቸው።

በጀርባ መጻፍ የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ነው። በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊተኛው ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያገኘሁትን ሰው የነገረኝን ነገር በራሱ ቃል፣ ከዚያም ከፎቶው ጠርዝ ውጭ በግራም በቀኝም ምን እንደ ነበረ እጽፋለሁ። ሁለቱን ፖስታዎች ዛሬ ጣልኳቸው፤ ከእንግዲህ ፎቶዎቹ በተነሱበት ቀን ቅደም ተከተል በአንድነት ይቀመጣሉ።

ማታ ላይ፣ የዚያን የኅዳር ማለዳ ፎቶዎች በሙሉ ለማየት አሮጌውን ሚሞሪ ካርድ ከመሳቢያ አውጥቼ ከፈትኩት። ከሁሉም በፊት፣ አዛውንቱን ከማናገሬ አስቀድሞ ብርሃኑን ለመሞከር አንድ ጊዜ ተጭኜ ኖሯል። አድማሱ ትንሽ ያዘነበለ፣ ግራሩም በደንብ ያልጠራ ፎቶ ነው፤ ያኔ ሳየው የማይረባ ብዬ አልፌው መሆን አለበት። በግራ በኩል፣ ከፉርጎው አጠገብ ሰማያዊው ካፖርት ይታያል፤ ከዘራው በጉልበቶቻቸው መካከል ቆሟል፤ ፊታቸው ወደ ግራሩ ዞሯል። ወደ እኔ እያዩ አይደለም፤ ካሜራ መኖሩንም ገና አላወቁም።

ፎቶ ቤቱ ነገ እሁድ እስከ ቀትር ክፍት ነው። በትልቁ አሳትሜ፣ ዝናቡ ፋታ ከሰጠ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ድረስ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ለፋሲካ ሳያቸው ደኅና ነበሩ፣ ጆሯቸው ብቻ ትንሽ ከብዷል። በጀርባው የሚጻፈውን ዛሬ ለመጀመር እርሳሴን አንስቼ ነበር፤ ነገር ግን በስንት ዓመታቸው ሥራ እንደ ጀመሩና የመጀመሪያው የሀዲድ ክፍላቸው ከየት እስከ የት እንደ ነበር አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።