ጥቁር በለስ፦ ከቆዳው ይልቅ ዓይኑን እዩ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ «በለስ» ሲባል መጀመሪያ የትኛው በለስ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መንገድ ዳር እሾሁ ተራግፎ በቢላ እየተላጠ የሚሸጠው የቁልቋል ፍሬ ነው፤ ከዛሬው ጉዳያችን ጋር ዝምድና የለውም። ሾላና ዋርካ ግን የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ያው ነጭ ወተት ይወጣል። እዚህ የምንነጋገረው ቅጠሉ እንደ መዳፍ ጣት ስላለው፣ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው አገለደሙት ስለሚባለው በለስ ነው። ከእሱም መካከል ሲበስል ቆዳው ስለሚጠቁረው።

ችግኝ ሻጭ «ጥቁር በለስ ነው» ብሎ ይሸጣል። ጥቁር ግን የዝርያ ስም አይደለም፤ ሲበስሉ የሚጠቁሩ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ቀለም ደግሞ ከማስረጃ ሁሉ ደካማው ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ፀሐይ ያገኘው ፍሬ ጥቁር ሐምራዊ ሲሆን ቅጠል የጋረደው አንገቱ አረንጓዴ ሆኖ ቡናማ ላይ ይቀራል። ዝርያን ለመለየት አራት ነገሮች አብረው ይታያሉ፦ የፍሬው ዓይን፣ የውስጡ ቀለም፣ አንገቱና የቅጠሉ አቆራረጥ።

ዓይን የምንለው ከፍሬው ግርጌ ያለችውን ቀዳዳ ነው። በለስ አበባው ወደ ውስጥ የተገለበጠ ስለሆነ ወደዚያ የምታስገባው ብቸኛ በር እሷ ናት። ዝናብ፣ ጉንዳንና የኮምጣጤ ዝንብ የሚገቡትም በዚያው ነው። ስለዚህ ክረምቱ ከባድ በሆነበት አገራችን የዓይኗ ስፋት ዝርያውን ለመለየት ብቻ ሳይሆን ዝርያ ለመምረጥም ከሁሉ ቀድማ ትታያለች።

በብዛት ስማቸው የሚነሳውን አራቱን ዝርያዎች እንመልከት። ብራውን ተርኪ ከመዳብ ቡናማ እስከ ሐምራዊ ይደርሳል፤ በዘንጉ በኩል አረንጓዴነት ይቀርበታል፤ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። በዚህ ስም ከአንድ በላይ ዝርያ ይሸጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብራውን ተርኪ የሚባለውና እንግሊዞች በዚያው ስም የሚጠሩት አንድ አይደሉም። የካሊፎርኒያው ፍሬ ትልቅ፣ ዓይኑም ክፍት ነው። ብላክ ሚሽን ሲበስል በደንብ ይጠቁራል፤ ቆዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጫጭን ነጫጭ ስንጥቆች ይታያሉ፤ ውስጡ ከማር ቀለም እስከ ሐብሐብ ሮዝ ነው። ስሙን ያገኘው የስፔን ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለሟቸው የሚሲዮን አትክልት ቦታዎች ነው፤ የመጀመሪያው፣ የሳንዲያጎው ሚሲዮን፣ የተመሠረተው በ1769 እ.ኤ.አ. ነው። ቫዮሌት ደ ቦርዶ፣ ኔግሮን የሚሉትም፣ ትንሽ ሆኖ የከሰል ያህል ይጠቁራል፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ፣ ቅጠሉ እስከ ወገቡ የተሰነጠቀ፣ አምስቱም ጣቶች ቀጫጭን ናቸው። ዛፉ ስለማይገዝፍ ለማሰሮና ለባልዲ የተፈጠረ ይመስላል። ሰለስት ደግሞ ቡናማ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትንሽ ፍሬ ነው፤ ዓይኑ ግጥም ብሎ ስለሚዘጋ ዝናብን ከአራቱ በተሻለ ይችላል።

ቅጠል ሲታይ ከቅርንጫፉ መሀል ያለው ይወሰድ። ከሥር የበቀለ ቀንበጥ ቅጠልና የቅርንጫፉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች የዝርያውን መልክ አይናገሩም። ክረምት ላይ በጥላ ያደገም ሰፊና ጣት የሌለው ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬም እንዲሁ ያታልላል፤ ብዙ ጊዜ ትንሽና ለዛ የለሽ ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ በደንብ ከበሰሉ ቢያንስ ሦስት ፍሬዎች ላይ መፍረድ ይሻላል። ፍሬው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ዓይኑና ቅጠሉ አብረው፣ አጠገባቸው የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጦ ፎቶ ቢነሳ ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር ይረዳል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር ካለና ከተጣመመ የበለስ ሞዛይክ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ቅጠል ዝርያ አይለይም። መድኃኒት የለውም፤ ለተከላ በሚቆረጥ የቅርንጫፍ ቁራጭም ይተላለፋል።

ከውጭ ከመጣ ደረቅ በለስ ዘር አውጥተው የሚዘሩ አሉ። ይበቅላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከዘር የበቀለ በለስ እናቱን አይመስልም፤ ግማሽ ያህሉ ለመብል የማይሆን ወንዴ ነው፤ ከቀሪውም ብዙው ፍሬው እንዲጸና በዓይኑ ገብታ የአበባ ዱቄት የምታደርስ የበለስ ተርብ የምታስፈልገው ነው። የቱርኩ ታዋቂ ጥቁር በለስ ቡርሳ ሲያሂም ከዚህ ወገን ስለሆነ ተርቧ በሌለችበት ፍሬው አውራ ጣት ሲያህል ይረግፋል። የሾላዋ ተርብ ሌላ ናት፤ ለዚህ አታገለግልም። ከላይ የዘረዘርናቸው አራቱ ግን ተርብ አይሹም።

በለስ የሚባዛው በቁራጭ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያለፈው ዓመት የጠነከረ እንጨት፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከ3 እስከ 4 አንጓ ያለው ይቆረጣል። ታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር በሰያፍ፣ ላይኛው ከአንጓው በላይ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ እንዲህ ከሆነ ተገልብጦ አይተከልም። ወተቱ በውሃ ታጥቦ ቁራጩ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይደር። ከዚያ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት እኩል በተቀላቀለበት ከረጢት አንድ አንጓ ብቻ ከላይ ቀርቶ ይተከላል። ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ደጋ ላይ ከዚያም ይዘገያል። አብዛኛው ሰው ቁራጩን የሚገድለው በደግነት ነው፦ ቅጠል ሲያይ ሥር ያወጣ መስሎት ውሃ ያበዛበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች የሚወጡት እንጨቱ ውስጥ በቀረው ስንቅ ነው። አፈሩ ተጨምቆ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቁራጩ ከታች ጠቁሮ ይበሰብሳል።

ወተቱን በቀላሉ አትዩት። ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስልም ያወጣል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል፤ ልጆች ቅጠሉን እየቀነጠሱ እንዳይጫወቱበት።

ለተከላ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ በቂ ነው። የላይኛው አፈር ለብቻ ተደርጎ አንድ ሦስተኛ የበሰለ ፍግ ይቀላቀልበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ከናይትሮጅን በላይ የበለስ ጠላት የለም ብል ማጋነን አይሆንም፦ ዩሪያ የበዛበት ዛፍ ጎመን መስሎ ቅጠል ያበዛል፤ ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ ዓመቱ ያልፋል። መረሬ አፈር ላይ ጉድጓድ መቆፈር ለሥሩ ኩሬ ማዘጋጀት ነው፤ እዚያ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ተሠርቶ አናቱ ላይ ይተከል። ከቤት መሠረት፣ ከውሃ ቧንቧና ከሽንት ቤት ጉድጓድ 5 ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው፤ ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። አሸዋማ በሆነ የመስኖ መሬት ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ እብጠት የሚያወጣ ኔማቶድ የሚባል ጥቃቅን የአፈር ትል አለ። ቲማቲምን ሲያስቸግር የኖረበት ቦታ ለበለስም አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መግረዣ ጊዜ። በለስ ሁለት ዓይነት ፍሬ አለው፤ አንዱ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ፣ ሌላው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ። ከተገረዘ በኋላ አዲሱ ፍሬ እስኪበስል አምስት ወር ገደማ ይቆጠር፤ በብርድ ይረዝማል። በሌላ አገር መጽሐፍ «በክረምት ማብቂያ ግረዙ» የሚለው የእነሱ ክረምት በረዶ፣ የእኛ ክረምት ዝናብ ስለሆነ እንዳለ ሲወሰድ ጥፋት ያመጣል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ ላይ ጥር የተገረዘ ዛፍ ፍሬው የሚበስለው ሰኔና ሐምሌ ነው። ያኔ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ በዓይኑ ውሃ ይገባል፣ ውስጡ ይኮመጥጣል። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቢገረዝ ግን ቀንበጡ በዝናቡ አድጎ ፍሬው ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ ይደርሳል። ቀንበጡ 6 ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን መቀንጠስ ፍሬ መያዙን ያፋጥናል። ሰለስት ግን ብዙ መገረዝ አይወድም፤ እሱን የደረቀውንና የተጠላለፈውን ብቻ ማንሳት ነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ፣ መንዝም ከዚያ ከፍ ሲል፣ ስሌቱ ይገለበጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ አዲስ ቀንበጥን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ተስፋ የሚጣለው በአሮጌው እንጨት ፍሬ ነው፤ ከክረምት በፊት የመድረስ ዕድል ያለው እሱ ነው። ይህን ፍሬ የምትይዘው የቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነች ጫፍ አይቆረጥም፤ ማታ ማታ በጆንያ ይሸፈናል፣ ጠዋት ይገለጣል። እኔ ለደጋ የምመርጠው ቫዮሌት ደ ቦርዶን፣ ከ40 እስከ 60 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ፣ ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ሥር ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ግድግዳው ቀን ሙቀት ይዞ ማታ ይለቃል። መሬት ላይ የሚተከል ከሆነ ከጥምቀት በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ሲቃረብ ይሁን። ብራውን ተርኪን ውርጭ ቢያቃጥለው እንኳ ከታች አቆጥቁጦ በአዲሱ እንጨት ያፈራል።

በክረምት የሚመጣው ሌላው ጣጣ የበለስ ዋግ ነው። ከቅጠሉ ጀርባ የዛገ የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ራቁቱን የቀረ ዛፍ ፍሬውን ማጣፈጥ አይችልም። የዛፉ መሀል ነፋስ እንዲያገባ መክፈት፣ የረገፈውን ጠርጎ ማቃጠልና ዋጉ ከመታየቱ በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን የመዳብ መድኃኒት መርጨት ያግዛል። ውሃ ደግሞ በበጋ ለትንሽ ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር፣ ለትልቅ ዛፍ በሳምንት እስከ 60 ሊትር ነው። ግንዱ ዙሪያ የጤፍ ጭድ ይጎዝጎዝ። አንድ ሳምንት አስጠምቶ በሚቀጥለው ማጥለቅለቅ ፍሬ ያረግፋል፣ ያደረሰውንም ይሰነጥቃል።

ፍሬው መሀል ላይ አንድ ወር ከዚያም በላይ ሳያድግ ቀጥ ይላል፤ ብዙ ሰው ያኔ ታሟል ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል። አልታመመም። ቀጥሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። የጠቆረ ሁሉ ግን አልበሰለም። የበሰለው አንገቱ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዴ በዓይኑ የማር ጠብታ ያወጣል፤ ሲቆረጥም ወተት አያፈስም። በለስ ከተቆረጠ በኋላ ስለማይበስል መቸኮል ትርፍ የለውም፤ ወፎች ቢቀድሙ ስስ የመረብ ከረጢት ማልበስ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ለማድረቅ ብላክ ሚሽን ይሻላል፦ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ፣ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ስስ ጨርቅ ለብሶ ፀሐይ ይሰጣል፤ ጤዛ እንዳያርሰው ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ሲጫኑት እርጥበት ሳያወጣ እንደ ቆዳ ከተጣጠፈ ደርቋል።