በነሐሴ ማየት፣ በኅዳር መጠገን፦ የድንጋይ፣ የብሎኬትና የአርማታ ቤት ዓመታዊ ጥገና

አዲስ አበባ ውስጥ የግንብና የልስን ጥገና ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ግንቦት ላይ ነው፤ ሰኔ ሳይገባ ተብሎ፣ በጥድፊያ። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ችግሩን የማየው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። የምጠግነው ግንቡ ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ግንቦት ላይ አሸንዳና ቦይ ከመጥረግ ያለፈ ሥራ እንዲቀር አልፈልግም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በበጋ ግድግዳ ላይ የሚታየው የእርጥበት ጠባሳ ብቻ ነው፣ ውሃው በየት በኩል እንደገባ አይናገርም። ውሃውን በመንገዱ ላይ ሳያገኙ ጠባሳውን መለሰንና ቀለም መቀባት ደግሞ ሲሚንቶ መጣል ነው።

የምናገረው በከተማችን ስለተለመደው ቤት ነው፦ መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው የሶሌታ (የአርማታ ጠፍጣፋ) ክዳን ያለው፣ አጥሩ የጎረቤትን ከፍ ያለ አፈር ጭምር ደግፎ የያዘ የድንጋይ ግንብ።

ሲዘንብ መጀመሪያ የምከታተለው የጣሪያውን ውሃ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር በጣለ አንድ ዝናብ 3,600 ሊትር ያወርዳል፤ አራት መውረጃ ቱቦ ካለ በያንዳንዱ የቤት ማዕዘን 900 ሊትር ማለት ነው። ይህ ውሃ መሠረቱ ሥር የሚፈስ ከሆነ ግድግዳው ላይ የሚሠራ ማንኛውም ጥገና አይቆይም። ቱቦው ውሃውን ቢያንስ 1.5 ሜትር ከመሠረቱ አርቆ ወደ ቦይ መጣል አለበት። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር በ1 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ከውስጥ ወለልም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። በየዓመቱ አበባ መትከያ አፈር እየተጨመረ ይህ ልዩነት የጠፋባቸው ግቢዎች በጣም ብዙ ናቸው፤ ለእርጥበታቸው መድኃኒቱ ኬሚካል ሳይሆን አካፋ ነው።

ቀጥሎ አጥሩ ነው። አፈር የሚደግፍ ግንብ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ 50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበለ፣ ከኋላው ጠጠር የተሞላ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ቀዳዳው ደርቆ የግንቡ ፊት ግን ከራሰ፣ ቀዳዳው ተደፍኗል። 12 ቁጥር ፌሮ (የአርማታ ብረት) አስገብቼ እየወዘወዝኩ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያም በውሃ አጥበዋለሁ። ይህን ቸል የሚሉ ሰዎች ያሳስቡኛል፤ ከግንብ ጀርባ የተጠራቀመ ውሃ ከአፈሩ ግፊት ላይ የራሱን ይጨምራል፣ ግንቡም መጀመሪያ ሆድ ያወጣል፣ ከዚያ ይደረመሳል። ለማወቅ ከላይ ቱምቢ (ክብደት የታሰረበት ክር) አንጠልጥሎ ከክሩ እስከ ግንቡ ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች መለካት ነው። ድሮውኑ አጋድሎ የተሠራ ግንብ ሦስቱ ልኮች በእኩል መጠን ይለያያሉ፤ መሐሉ ብቻ ወደ ክሩ የቀረበ ከሆነ ግንቡ ሆድ አውጥቷል። እንዲህ ያለውን ግንብ መጋጠሚያውን በመሙላት ማዳን አይቻልም። ሥሩ ሰው እንዳይቀመጥ፣ መኪና እንዳይቆም ተከልክሎ ባለሙያ መጠራት አለበት፤ ፈርሶ ከነፍሳሹ እንደገና ነው የሚሠራው።

በግድግዳው ላይ ሁለት ምልክቶችን እለያለሁ። ከወለል ተነሥቶ እስከ ጉልበት ወይም ወገብ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ያለው እርጥበት ከመሬት የሚወጣ ነው። ዱቄቱ ጨው ነው፤ ውሃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያመጣውን ፊቱ ላይ ሲተን ይተወዋል። በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በውሃ አይታጠብም፤ ቢታጠብ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ወይም ከመስኮት ማዕዘን የሚጀምረው ደግሞ የዝናብ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ግልጽ ፕላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አሽጎ ከ16 እስከ 24 ሰዓት መተው ነው። ጠሉ በግድግዳው በኩል ከተገኘ እርጥበቱ ከውስጥ ነው፤ በክፍሉ በኩል ከሆነ የአየሩ እርጥበት ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃዋል።

የታየው ሁሉ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ቀኑም ይጻፍበታል። ጥቅምት ላይ ቦታውን ፍለጋ ጊዜ አይባክንም።

አሁን ወደ ድንጋዩ መጋጠሚያ። በጣት ሲነካ የሚረግፈው፣ በመሮ ጫፍ ሲጫር አሸዋ የሚሆነው ሁሉ መውጣት አለበት። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ፣ ሰፊ መጋጠሚያ ከሆነ የስፋቱን ሁለት እጥፍ አወጣለሁ። ላዩን ብቻ የተቀባ ሲሚንቶ በአንድ ክረምት እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ በጥገና ላይ ከማያቸው ስንፍናዎች ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከወጣ በኋላ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በውሃ አጸዳለሁ። ድንጋዩ ሲሞላ እርጥብ መሆን አለበት፣ ውሃ የሚያንጸባርቅበት ግን መሆን የለበትም። ደረቅ ድንጋይ የድብልቁን ውሃ ይጠጣበትና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል።

አሸዋውን ሳልፈትን አልቀበልም። በግልጽ ጠርሙስ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ በላዩ ውሃና ቁንጥር ጨው፣ በደንብ መናጥ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት። አሸዋው ላይ የተኛው የደለል ንብርብር ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ መታጠብ አለበት፤ ደለል ሲሚንቶውን ከአሸዋው ቅንጣት ጋር እንዳይያያዝ ያደርገዋል፣ ድብልቁም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ ዱቄት የተቀላቀለበት) ቢሆን ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ረዘም ያለ ውሃ ማጠጣት ይፈልጋል። በጣት ሲጨመቅ የማይፈርስ ጓል ያለበት ሲሚንቶ እርጥበት ነክቶታል፣ አይወሰድም።

ለጥቁር ድንጋይ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ3 እጅ አሸዋ እጠቀማለሁ። የ50 ኪሎ ከረጢት 35 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ከሦስት እጥፍ አሸዋ ጋር ወደ 105 ሊትር ድብልቅ ይወጣዋል። ባልተጠረበ ድንጋይ ግንብ፣ 20 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሲሞላ፣ በ1 ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 6 ሊትር ይገባል። የሚፈሰውን ጨምሮ አንድ ከረጢት ከ15 እስከ 18 ካሬ ሜትር ያደርሳል ብዬ ነው የማስበው። ውሃ ከተነካ በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚያልቀውን ብቻ ማቡካት ነው፤ ሲጠነክር ውሃ ጨምሮ ማላላት ጥንካሬውን መግደል ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ጠቅጥቆ መሙላት፣ ሲጨብጥ ሁለተኛውን መጨመር፣ አውራ ጣት ሲጫን ምልክት ብቻ ሲተው ፊቱን ማስተካከል።

በኅዳር የአዲስ አበባ ፀሐይና ነፋስ አዲስ ሥራን በፍጥነት ያደርቃል። ስለዚህ ጥላ ያለበትን ጎን ተከትዬ እሠራለሁ፣ የተሠራውን በእርጥብ ጆንያ እሸፍናለሁ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። አንዳንድ ግንበኞች ይህን የማሳመሪያ ያህል ያዩታል፤ እኔ ግን የሥራው ግማሽ እለዋለሁ።

ይህ 1 ለ3 ለለስላሳ ድንጋይ አይሆንም። ለአምቦ ድንጋይ፣ ለሸክላ ጡብ፣ እንዲሁም በጭቃ ለተሠሩ የቆዩ የድንጋይ ቤቶች 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ነው የምጠቀመው፤ በጣም ለደከሙት ደግሞ 1፣ 2፣ 9። መጋጠሚያው ከድንጋዩ ደካማ መሆን አለበት። ውሃው በቀላሉ በሚያሳልፈው መጋጠሚያ ይወጣል፣ ጨውም እዚያ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ የሚተካው መጋጠሚያው ነው። መጋጠሚያው ጠንካራ ሲሚንቶ ከሆነ ውሃው በድንጋዩ በኩል እንዲወጣ ይገደዳል፣ የድንጋዩም ጠርዝ እየተላጠ ይወድቃል፤ የወደቀ ድንጋይ ደግሞ አይመለስም። በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተደረገ ጥገና በኋላ ተነሥቶ በኖራ የተተካው ለዚሁ ነው። ኖራው ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት በውሃ ይዘፈዘፋል፤ የዓይን መከላከያና ጓንት ግድ ነው።

ከመሬት በወጣ እርጥበት የተበላ ልስን ከእርጥበቱ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ እስከ ብሎኬቱ ይራገፋል። ከዚያ መታገስ ነው፤ ብሎኬቱ ሳምንታት እንዲነፍስ እተወዋለሁ፣ የሚወጣውን ጨው በደረቁ እጠርጋለሁ። ዳግመኛ የሚለሰነው የፕላስቲኩ ፍተሻ ጠል ማሳየት ሲያቆም ነው። እዚህ ቦታ ላይ ጄሶ ፈጽሞ አይገባም። ጄሶ በእርጥበት ይላላል፤ ከዚያም በላይ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ያብጣልና የላዩን ሁሉ ይዞ ይወርዳል።

ስንጥቅን በተመለከተ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው የሚታየው። በኮለን (በአርማታ ምሰሶ) እና በብሎኬት መካከል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ሁለቱ ነገሮች በሙቀት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ የሚመጣ ነው። በሁለቱም ወገን 15 ሳንቲ ሜትር ልስን አንሥቶ፣ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ወጥሮ፣ ከዚያ መለሰን ይበቃዋል። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድ፣ በየደረጃው የብሎኬቱን መጋጠሚያ የሚከተል ግን የመሠረት ጉዳይ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዳለው ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት በክረምት አፈሩ ያብጥበታል፣ በበጋ ይኮማተርበታል፤ ስንጥቁም ይከፈታል፣ ይዘጋል። በእንዲህ ያለው ላይ በሁለቱም ወገን በእርሳስ ነጥብ አድርጌ በነሐሴ፣ በጥርና በሚያዝያ እለካለሁ። ዓመት ሳይሞላ በሲሚንቶ አልደፍነውም፤ በበጋ በተከፈተበት የተደፈነ ስንጥቅ በክረምት መዝጊያ ቦታ ያጣና ሌላ ቦታ ይሰነጥቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም ከዓመት ዓመት የሚያድግ ከሆነ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ባሕር ዛፍ ከቤቱ ከቁመቱ ባነሰ ርቀት ላይ ካለም ተጠያቂው እሱ ሊሆን ይችላል፤ በበጋ የመሠረቱን አፈር እርጥበት ይጠጣዋል።

የበረንዳ ሶሌታ ከሥር ቡናማ መስመር ሲያሳይ ፌሮው እየዛገ ነው። ዝገት ከብረቱ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በትንሽ መዶሻ እየመታሁ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በጠመኔ አከብበዋለሁ፤ ከሥሩ ድጋፍ እንጨት አቁሜ ያን ሁሉ እስከ ፌሮው ጀርባ 2 ሳንቲ ሜትር ድረስ አስወጣለሁ። ፌሮው በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይጸዳል፣ የዝገት መከላከያ ይቀባል። ውፍረቱ አንድ አምስተኛ ያህል ከተበላ ግን ተጨማሪ ብረት ያስፈልገዋል፤ ያን የሚወስነው መሐንዲስ ነው። ከዚያ አሮጌውን አርማታ አርሶ ቀጭን የሲሚንቶ ቅብ መቀባት፣ ቅቡ ሳይደርቅ 1 ለ3 ድብልቅ በንብርብር ጠቅጥቆ መሙላት፣ በፌሮው ላይ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን መተው።

ይህ ሁሉ ከላይ ውሃ መግባቱ ካልቆመ ከንቱ ነው። ከላይ ያለው ስንጥቅ በ1 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ተፈልፍሎ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሞላል። በላዩ ሲሚንቶ መሰል የውሃ መከላከያ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተሻግሮ ይቀባል፣ በግድግዳውም ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ብዙው ፍሳሽ የሚገባው በዚያ ማዕዘንና በመውረጃው አፍ ዙሪያ ነው። ሲደርቅ መውረጃውን ደፍኖ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ማቆም ነው ፍተሻው። ይህ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ስለሆነ ደህንነቱ በሚያጠራጥር ሶሌታ ላይ አይደረግም።

በቤቱ ዙሪያ ያለው ሊሾ (የሲሚንቶ ወለል) ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር በሲሚንቶ አይደፈንም፣ ሁለቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉና፤ ለዚያም የሚለጠጥ ማሸጊያ ነው። የግቢ ኮብልስቶን መጋጠሚያ ዝናቡ ያጠበውን አሸዋ ጥቅምት ላይ በመጥረጊያ መመለስ ይበቃዋል። አረንጓዴ የሆነ ደረጃ 1 በረኪና በ4 ውሃ ተቀብቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይፈተጋል፣ ይታጠባል። በረኪናን ከአሲድ ጋር ማገናኘት መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በአንድ ቀን ሁለቱን አለመጠቀም ነው።

ግንቦት ላይ መሰላል ይወጣል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፣ በየመውረጃው አንድ ባልዲ ውሃ ይፈስሳል። በቦዩ ጫፍ ወዲያው ካልወጣ ቱቦው ከክርኑ ይፈታል፤ ቅጠሉና የጣሪያው አቧራ የሚጋገረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።