ዘበኛውን በሌባው ስም

የአረፋ ለት ማታ ነው፣ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ፣ ቡናው ገና ሁለተኛ ላይ ነው። እህቴ "ልጁን ከአያታችን ጋ አንሳልኝ እስኪ በአዲስ ልብሱ" አለችኝና ስልኬን አውጥቼ በፍላሽ አነሳሁት። ፎቶውን ሳየው አንዱ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ያው ፍላሽ እንደሚያረገው፣ ሌላኛው ግን ነጭ ሆኖ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። ደግሜ አነሳሁ። ያው ነው።

አያቴ "ሰው አይቶት ነው፣ ቀስ ብላችሁ አልብሱት ብዬ ነበር" አለች። እህቴ ስቃ አለፈችው። እኔን ግን ላብ ላብ አለኝ፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የህፃን ዓይን ነጭ ሲያበራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፣ የዓይን ካንሰር ነው፣ በብዛት የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ነው፣ የኛ ልጅ ደግሞ ገና ሁለት ዓመቱ። ለእህቴ ግን አልነገርኳትም፣ "በዓሉ ይለፍና ሀኪም ይየው" ብቻ አልኳት።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከዚህ በሽታ ጀርባ ስላለው ስለ አርቢ ዋን ሳነብ አደርኩ። ክሮሞዞም 13 ላይ ያለ ጂን ነው፣ ሁላችንም ጋ አለ፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። ሴልን "ተባዛ ተባዛ" የሚሉ ኢቱኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ ከዚህ ጂን የሚሰራው አርቢ የሚባል ፕሮቲን እነሱን ጭብጥ አርጎ ይይዛቸዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይለቃቸዋል። እሱ ከሌለ ያዥ የለም፣ ሴሉ ዝም ብሎ ይባዛል። የገረመኝ ስሙ ነው፣ አርቢ ሬቲኖብላስቶማ ሲያጥር ነው፣ እሱ ሲበላሽ በሚመጣው በሽታ ስም ነው የሚጠሩት፣ ዘበኛውን በሌባው ስም እንደመጥራት በሉት። ግን ምን ያርጉ፣ ቀድመው ያዩት ሌባውን ነው፣ ጂኑን ነጥለው ያወጡት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዕጢ ከሚከላከሉት ጂኖች መጀመሪያ የተገኘውም እሱ ነው።

ደሞ ጂኑ ሳይገኝ በፊት በ1971 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም ነገሩን በሂሳብ ደርሶበታል። የ48 ልጆችን መረጃ ይዞ በስንት ዓመቱ ታመመ፣ አንድ ዓይን ነው ሁለቱም፣ ዘመድ ውስጥ አለ ወይ እያለ ቆጠረ። አባቴ ጅማ ሄርማታ መርካቶ ሱቅ ነበረው፣ በሩን በሁለት ጓጉንቸር ነበር የሚቆልፈው፣ አንዱ ቢሰበር ሌላው አለ። ክኑድሰን ያለው ይሄንኑ ነው፣ ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለቱ ጂኖች ሁለት ጓጉንቸር ናቸው። ሁለቱም ደህና ሆኖለት የተወለደ ልጅ አንድ ሴል ውስጥ ሁለቱም እስኪሰበሩ ድረስ አይታመምም፣ ያ ደግሞ ብዙም አያጋጥምም፣ ካጋጠመም በአንድ ዓይን ነው፣ ዘግየት ብሎ። አንዱን ጓጉንቸር ሰባራውን ወርሶ የተወለደ ልጅ ግን እያንዳንዱ ሴሉ በአንድ ብቻ ነው የተቆለፈው፣ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ውስጥ ደግሞ ስንት ሚሊዮን በር አለ መሰላችሁ፣ የሆነ ቦታ መሰበሩ ከስንት አንዴ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ቶሎ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይን። ዓይኑ ከዳነም በኋላ ልጁ ካደገ የአጥንት ካንሰር ይፈራለታል፣ ሰባራው ያለው ዓይን ላይ ብቻ አይደለማ። የራሱ ልጅም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ጓጉንቸር ሳይሰብር የሚገባ ሌባም አለ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ፣ ኢ ሰባት በሚባል ፕሮቲኑ አርቢን ይይዝና ስራ ያስፈታዋል፣ ጂኑ ምንም አልሆነም፣ ዘበኛው ግን እጅ እግሩ ታስሯል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴት ልጆች የተጀመረው ክትባት የዚህ ቫይረስ ነው። ተማሪዎቼ ግን "መካን ያደርጋል" የሚል ወሬ ሰምተው ክንዳቸውን ሲደብቁ አይቻለሁ፣ ውሸት ነው ብዬ ስንቴ ተናገርኩ።

በዓሉ አለፈና በባጃጅ ይዘነው ሄድን። ጠብታ ጨመሩለት፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ጠበቅን፣ ልጁ ኮሪደሩን በለቅሶ አናወጠው። ዶክተሯ "በቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ ዓይኑ የወጣ ሰው አለ?" ስትል እህቴ ዞራ እኔን አየችኝ፣ ያኔ ገባት መሰለኝ። ዶክተሯ ረጅም ሰዓት አየችውና "የዓይን ሞራ ነው" አለች።

"ሞራ የሽማግሌ አይደል እንዴ?" አለች እህቴ።

ይዞት የሚወለድ ልጅም አለ ለካ። ካንሰር አይደለም፣ ግን ይቆይ የሚባል ነገርም አይደለም፣ ብርሃን በደንብ ያልገባበትን ዓይን አእምሮ እየተወው ይሄዳልና ሳይዘገይ ይሰራለት ተባልን። ቀጠሮ ይዘን ወጣን። ደህና ዓይንም ልጁ ወደ ጎን ሲያይ በፍላሽ አንዳንዴ ነጭ ሊመስል እንደሚችል እዛው ነገሩን፣ ግን እሱንም ሀኪም ነው መለየት ያለበት።

እህቴ ያን ሌሊት ስላልነገርኳት አሁንም አኩርፋኛለች። የሰፈሩን ህፃን ሁሉ ደግሞ በፍላሽ እያነሳች ነው፣ አንዷ ጎረቤታችን "ልጄን በዓይኗ ልትበላው ነው" ብላ ተቀይማታለች።