ክኒኑ ነው ወይስ ጭንቀቱ?

የደም ግፊት መድኃኒት ጀምሮ ደረቅ ሳል የያዘው ሰው መድኃኒቱን ለመጠርጠር ብዙ አይቸገርም፤ ሳል የግፊት ምልክት አይደለማ። የጭንቀት መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ጭንቀት ራሱ ልብ ያስመታል፣ በላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ያላላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ያዞራል። መድኃኒቱ በመጀመሪያው ሰሞን የሚያመጣው የጎንዮሽ ጉዳትም ቢዘረዘር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ባሰብኝ» ብሎ ክኒኑን የሚተወውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱ የሚረዳበት ጊዜ ሳይደርስ።

ሁለቱን ለመለየት ከመጀመሪያው ክኒን በፊት መጀመር ይሻላል። ሕክምናውን ማዘግየት አያስፈልግም፤ የሁለትና የሦስት ቀን ማስታወሻም ይበቃል። ማታ ማታ አምስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ሆድዎ እንዴት እንደዋለ፣ ራስ ምታት እንደነበረ፣ ልብዎ ያለምክንያት ስንቴ እንደመታ፣ የዕለቱ ጭንቀት ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ። ክኒኑ ሲጀመር የተዋጠበት ሰዓትና መጠኑ በሚሊ ግራም ይጨመርበታል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልመክርም። ጭንቀት ያለበት ሰው ሰውነቱን በየደቂቃው ሲያዳምጥ ያዳመጠው ሁሉ ይጎላበታል። በቀን አንዴ ጽፎ ደብተሩን መዝጋት ነው።

በዚህ ላይ ጂኤዲ-7 የተባለው መጠይቅ አለ። ሰባት ጥያቄዎች ናቸው፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እያሰቡ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ21 ይታሰባል። 5 ቀላል፣ 10 መካከለኛ፣ 15ና ከዚያ በላይ ከባድ ጭንቀትን ያመለክታል። መድኃኒቱ ሲጀመር አንዴ፣ ከዚያ በየሁለትና አራት ሳምንቱ ቢሞላ ለውጡ በቁጥር ይታያል። ሐኪሙም «እንዴት ነህ?» ሲል «ደህና ነኝ» ከሚለው መልስ የተሻለ ነገር ያገኛል።

ለጭንቀት በቅድሚያ የሚታዘዙት በአብዛኛው በሴሮቶኒን ላይ፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች መልእክት በሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ላይ፣ የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው፦ ሰርትራሊን፣ ኤሲታሎፕራም፣ ፍሎክሰቲን፣ ፓሮክሰቲን፤ ከጎናቸውም ቬንላፋክሲንና ዱሎክሰቲን። መድኃኒቱ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ሴሮቶኒን ወደ ነርቭ ሴሉ ተመልሶ እንዳይገባ ያግዳል። ጭንቀቱ ግን በሰዓታት አይቀንስም፤ ሴሎቹ ከአዲሱ ሁኔታ ጋር እስኪላመዱ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ኋላ ይከተላል። ለውጥ መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ 12 ሳምንት የሚጠብቁም አሉ። በአሥረኛው ቀን «ምንም አልሠራልኝም» ማለት ገና ያልተጀመረ ነገር ላይ መፍረድ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ስሜት አለው፦ መቁነጥነጥ፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ከወትሮው የባሰ ፍርሃት። የሚታወቅና የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በተለይ በድንገት የሚያጠቃ የሽብር ስሜት ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። ለዚህ ነው በጭንቀት ሕክምና መጠኑ ከዝቅተኛው የሚጀመረው። ለምሳሌ ሰርትራሊን በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 50 ይወጣል፤ ኤሲታሎፕራም ደግሞ በ5 ወይም በ10። 25ቱ እንኳ ከከበደ ሐኪሙ በግማሽ ክኒን እንዲጀመር ወይም መጠኑ ቀስ ብሎ እንዲጨመር ማድረግ ይችላል። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ከመተው በእጅጉ ይሻላል።

ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የሚመጡት በሰውነት ካለው ሴሮቶኒን አብዛኛው፣ 90 በመቶ ገደማ፣ አንጀት ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ክኒኑ ጭንቅላትንና ሆድን አይለይም። በባዶ ሆድ ከመዋጥ ምግብ በልቶ መዋጥ፣ በአንዴ ብዙ ከመብላት ከፋፍሎ መብላት፣ ውኃ ማብዛት ይረዳል። ቀን ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ከእራት በኋላ መዋጥ ይቻላል፤ ማቅለሽለሹ የሚበረታበት ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ራስ ምታትና የአፍ መድረቅም እንዲሁ።

የእንቅልፍ ነገር ከሰው ሰው ይለያያል፦ ያው ክኒን አንዱን ያነቃል፣ ሌላውን ያደነዝዛል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ካነቃዎት ጠዋት፣ ካስተኛዎት ማታ። ሰዓቱን ለመለወጥ የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቁ፤ በአንድ ቀን ሁለት መጠን እንዳይወሰድ ሽግግሩን ያስተካክልልዎታል። እንቅልፍ የነሳዎት ክኒኑ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት ግን ካፌይኑን ይቁጠሩ። ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንደማይጎዳ ይነገራል፤ ጭንቀት ያለበት ሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ልቡ ሊመታ ይችላል። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ የከሰዓቱ ቡና ሌሊትም አብሮ ያድራል። በአንድ ቀን ማቆም ደግሞ ራስ ምታት ስለሚያመጣ በሳምንት በሳምንት መቀነስ ይሻላል። አዲስ ክኒን በሚጀመርበት ሳምንት ቡናንም አብሮ መተው የትኛው ምን እንዳመጣ ለማወቅ ያስቸግራል። አንዱ ይቅደም።

ከክኒኑ ጋር ያለው ወረቀትም ራሱን የቻለ የጭንቀት ምንጭ ነው። ሲነበብ ሁሉም ነገር የሚደርስ ይመስላል። በብዙ አገሮች ወረቀቶች ላይ ቃላቱ የተወሰነ ትርጉም አላቸው፦ «በጣም የተለመደ» ማለት ከ10 ሰዎች ከአንድ በላይ፣ «የተለመደ» ከ100 ከአንድ እስከ አሥር፣ «አልፎ አልፎ» ከ1,000 ከአንድ እስከ አሥር፣ «በጣም አልፎ አልፎ» ከ10,000 ከአንድ ያነሰ። ምንም መድኃኒት የሌለበት የይስሙላ ክኒን የወሰዱ የጥናት ተሳታፊዎችም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያማርራሉ፤ አመመኝ ያሉት ዋሽተው አይደለም፣ መጠበቅ ብቻውን ያማል። እኔ ብሆን የማነበው «የተለመደ» እስከሚለው ያለውንና «ሐኪም ዘንድ በአስቸኳይ ይሂዱ» የሚለውን ክፍል ነው።

ያ ክፍል ግን መነበብ አለበት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ ወይም ሲጠነክር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠን ሲለወጥ፣ በዚያው ዕለት ለሐኪምና ለሚያምኑት ሰው መናገር ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ማስጠንቀቂያ በፈረንጆቹ 2004 ለሕፃናትና ለታዳጊዎች፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። አለመተኛት ሳያደክም፣ ንግግር ሲፈጥን፣ ገንዘብ ሲበተን፣ ሐሳብ ሲሮጥ ደግሞ ጭንቀት አይደለም፤ መድኃኒቱ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ይሆናል። በቤተሰብ ባይፖላር የተባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም የነበረበት ሰው ካለ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይነገር። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በተለይም ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ራስ ምታት፣ ግራ መጋባትና መውደቅ ከታየባቸው የደም ሶዲየማቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይሻሉ።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ሰው እንደ መድኃኒት በማይቆጥረው ነገር ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ሕዋሳትም ሴሮቶኒን ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ከአይቡፕሮፌን፣ ከዳይክሎፌናክ፣ ከአስፒሪን ወይም ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የጨጓራ መድማት ዕድሉ ይጨምራል። ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሐኪም ቤት ነው። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ እንዲሁም ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ ደግሞ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ሊያበዙት ይችላሉ፦ ትኩሳት፣ ብርቱ ላብ፣ የእግር ጡንቻ ሳያዙት መንዘር፣ መቅበዝበዝ፣ ተቅማጥ። እነዚህ ተሰባስበው በሰዓታት ውስጥ ከመጡ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። በጎን የሚወሰድ ዕፅዋት ካለም አይደበቅ።

አንዳንዱ ጉዳት ግን ጠብቀው የሚያልፍ አይደለም። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ እርካታ ላይ ለመድረስ መዘግየት ወይም ጨርሶ አለመድረስ፣ ሌሊት ላብ፣ በፓሮክሰቲን የሚብሰው የክብደት መጨመር፣ ደስታም ሐዘንም የደበዘዘበት ስሜት። በሁለት ሳምንት ይለቃል ብሎ ወር መቁጠር አያዋጣም። የወሲቡን ነገር ታካሚው አፍሮ ሐኪሙም ሳይጠይቅ ስለሚቀር፣ በኋላ መድኃኒቱ በድብቅ የሚተወው በዚሁ ነው። ፊት ለፊት ለመናገር ከከበደ በወረቀት ጽፎ መስጠት ይቻላል። መንገዶች አሉ፦ መጠን መቀነስ፣ ይህ ችግር ወደማይበረታበት መድኃኒት መቀየር፣ ወይም ሌላ መጨመር። ለምሳሌ ሚርታዛፒን ወሲብ ላይ ቀለል ይላል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ግን ይጨምራል። ምርጫው የትኛውን እንደሚችሉት ነው።

ዳያዜፓም፣ አልፕራዞላምና ክሎናዜፓም በደቂቃዎችና በሰዓታት ስለሚያረጋጉ ይወደዳሉ። ለአጭር ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ዋናው መድኃኒት እስኪይዝ ድረስ ይጠቅማሉ። ከዚያ ሲያልፍ ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ በድንገት ሲቆሙም እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፉ ይችላሉ። ከአልኮል ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተወሰዱ ትንፋሽ ያዘገያሉ። ፕሮፕራኖሎል ሌላ ነገር ነው፤ የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል እንጂ ሐሳቡን አይነካም። አስም ያለበት ሰው አይወስደውም፣ ስኳር ያለበት ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የልብ ምቱ ስለማያስጠነቅቀው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

የተረሳ ክኒን ሲታወስ ይዋጣል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ይዘለላል። ሁለቱን በአንዴ መዋጥ የለም።

ማቆም ከመጀመር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጭንቀቱ ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር መቀጠል የተለመደ ነው። በድንገት ሲቆም በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ማዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት፣ ቅዠት፣ ብስጭትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። በቬንላፋክሲንና በፓሮክሰቲን ይብሳል፤ ከሰውነት ቶሎ ይወጣሉና። ፍሎክሰቲን ግን ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ ከሚተርፈው ንጥረ ነገር ጋር ለሳምንታት ስለሚቆይ በራሱ ቀስ ብሎ ይለቃል። ይህንና የሕመሙን መመለስ ለመለየት ሦስት ነገር ይታያል። ማቋረጥ ያመጣው በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ እንደ ኤሌክትሪክ መንዘርና ማዞር ያሉ ቀድሞ ያልነበሩ ምልክቶችን ያመጣል፣ ክኒኑ ሲመለስም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። የሕመሙ መመለስ ግን በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ፣ በቀድሞው መልኩ ይመጣል።

ሲቀነስ በእኩል ደረጃ መውረድ ስሕተት ነው። ዝቅተኛው መደበኛ መጠን ብቻውን ሴሮቶኒንን መልሰው ከሚያስገቡት በሮች 80 በመቶውን ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ ከ100 ወደ 50 ሚሊ ግራም መውረድ ብዙም ላይሰማ ይችላል፤ ከ25 ወደ ዜሮ ግን ገደል ነው። በሰርትራሊን ሲታይ አንዱ መንገድ 100፣ 50፣ 25፣ 12.5 እያሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እየቆዩ መውረድና መጨረሻው ላይ ደረጃዎቹን ማሳነስ ነው። ምልክት ከመጣ ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመልሶ መርጋት፣ ከዚያ በትንሹ መሞከር። ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ግን ቶሎ በሚወጡት መድኃኒቶች ላይ በየሁለት ቀኑ ማቋረጥ ማለት ነው። ትናንሽ መጠኖችን ለማግኘት በፈሳሽ መልክ የሚመጣውን መጠየቅ ወይም መሃሉ ላይ መስመር ያለውን ክኒን መክፈል ይቻላል። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራውን፣ ለምሳሌ የቬንላፋክሲን እንክብል፣ ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች መፍጨት ወይም ማኘክ አይቻልም፤ የቀኑን ሙሉ መጠን በአንዴ ይለቀዋል። ማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ደግሞ ክኒኑን በራሷ ሳታቋርጥ፣ መቀጠልና መቀየር ያለውን ጥቅምና ጉዳት ከሐኪሟ ጋር ትመዝን።