ኪዳነ ምሕረት ስለቴን ሰማችኝ

ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይድረሰው፤ እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት ስለቴን ሰምታኛለች። ጎንደር ወለቃ አብራኝ ያደገችው ቤተ እስራኤል ጓደኛዬ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን በወሰደው በሰሎሞን ዘመቻ፣ ወደ እስራኤል ሄደች። «በዓይነ ሥጋ አሳዪኝ፣ ጃንጥላ ይዤ ኢየሩሳሌም ደጅሽ እመጣለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ተገናኘን። የተለያየንበትም የተገናኘንበትም ቀን 16 መሆኑን ያስተዋልኩት እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነው።

ተመሳሳይ ጸሎት የያዛችሁ ብዙ ስለሆናችሁ መንገዱን ልንገራችሁ።

ፍለጋው የሚከሽፈው በስም ነው። ከኢትዮጵያ የገቡት ብዙዎቹ እስራኤል እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበውም ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። ስለዚህ የልጅነት ስሟን ከአባቷ ስም ጋር ፌስቡክ ላይ ብትጽፉ አታገኟትም። የአያቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የገቡበትን ዓመት፣ ከተቻለም የአካባቢያቸውን ቄስ ስም በድምፅ ቀድታችሁ ከዚያው መንደር ሄዶ እስራኤል ለሚኖር ሰው ላኩ። ድምፅ ይሻላል፤ አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ የማይችሉ ብዙ አሉና። ስልክ ቁጥር ስታገኙ ደግሞ ከእስራኤል የአገር መለያ ከ972 ቀጥሎ ያለውን ዜሮ አውጡት። 05 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ከውጭ ሲደወል 972 5 ነው፤ ዜሮው ካልወጣ ጥሪው አይገባም።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ሰዓቱን ነው። እኛ «3 ሰዓት» ስንል ጠዋት ነው፤ በልጅነቷ የሄደች ሰው «3 ሰዓት» ስትሉ ከቀትር በኋላ ያለው የፈረንጅ 3 ይመስላታል። መካከሉ ስድስት ሰዓት ነው፤ ለብቻው ለመጣ ሰው፣ ያውም በማያውቀው ከተማ፣ ስድስት ሰዓት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። «ከጠዋቱ 3፣ በፈረንጅ 9» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ፦ የካቲት 16 ስትሉ ፌብሩዋሪ 23 ብላችሁ ጨምሩ። በክረምታቸው የእስራኤል ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ በበጋቸው እኩል ይሆናል።

የሳምንቱን ቀን ስትመርጡም አስቡ። እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነው፤ ጓደኛዬ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር የለም፤ ሰንበት የምታከብር ሰው ስልክም አታነሣም። ዝም አለችኝ ብላችሁ እንዳታዝኑ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ አስቀድሞ ቪዛ ይጠይቃል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ከጃንዩዋሪ 2025 ጀምሮ በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ያወጣል፤ ክፍያው 25 ሼቄል ነው፤ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ማመልከት ይመከራል። ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብቻዋን ለምትገባ ሴት ጥያቄ ይበዛል፦ የት ታርፊያለሽ፣ ማንን ታውቂያለሽ። የጓደኛችሁን አሁን የምትጠራበትን የዕብራይስጥ ስም፣ አድራሻዋንና ስልኳን በወረቀት ያዙ። የልጅነት ስሟን ብትናገሩ እዚያ አገር በዚያ ስም የሚያውቃት የለም። ፓስፖርት ላይ በሚመታ ማኅተም ፈንታ ስትገቡ የሚሰጣችሁን ትንሽ ሰማያዊ ወረቀት እስክትወጡ አትጣሉ፤ ሆቴልም ይጠይቃችኋል።

ከተርሚናል 3 ባቡሩ ኢየሩሳሌም ይስሐቅ ናቮን ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ከዚያ በከተማው ባቡር ዳቪድካ ወርዳችሁ የነቢያትን መንገድ ከያዛችሁ የኢትዮጵያ መንገድ ቅርብ ነው። ጠባብ ነው፣ በሁለቱም በኩል የድንጋይ ግንብ አለ። በሩን ከላይ የተቀረጸው የይሁዳ አንበሳ ያሳውቃችኋል።

መገናኛውን ከበሩ ውጭ አድርጉት። ቤተ እስራኤል የሆነች ሰው ቤተ ክርስቲያን እንድትገባ ማስቸገር አይገባም፤ እኔም አላልኳትም። ስለቴን አስገብቼ፣ ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷን አላወቅሁትም። እናቷ የሠራቻትን፣ ጭራዋ የተሰበረ የሸክላ ዶሮ ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩላት። ከቦርሳዋ የጭራዋን ስባሪ አወጣች። ጥቁር ነው፣ ከጥፍር አይበልጥም፤ ስታስጠጋው ገጠመ። እኔ እልል ልል ፈልጌ ድምፄ እንቢ አለኝ። እመቤቴ ሆይ፣ ይህን ነው የሰጠሽኝ።

በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባ ስለነበር ቅበላ ነው፤ ጋባዡ ሁሉ ሥጋ ያስባል። ግን የእርሷን እርድ እኔ አልበላም፣ የእኔንም እርሷ አትበላም፤ ይህ ጎንደርም የነበረ ሥርዓት ነው። ያለ ቅቤ የተሠራ ሽሮና ምስር፣ ቡናም ካለ ሁለታችሁም ትጠግባላችሁ። እናቶቻችን በዓል ሲሆን አንዳቸው ለሌላው ጥሬውን የሚልኩት ለዚህ ነበር።

ስንለያይ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በእጇ ጻፈችልኝ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፣ በፈረንጅ 9፣ እዚሁ በር።