በበርሚንግሃም ከተማ፦ የአታሚው የጆን ባስከርቪል አሻራ

ወደ በርሚንግሃም የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ለንግድ፣ ለኳስ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። እኔን የወሰደኝ ግን በ1775 የሞተ አንድ አታሚ ነው። ጆን ባስከርቪል ፊደል አስቀርጾ፣ ቀለም ቀምሞ፣ ወረቀት አለስልሶ መጽሐፍ ያተመ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዛሬም በኮምፒውተራችን የፎንት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሚገኘው በዚሁ ሥራው ምክንያት ነው። በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከለንደን የተሳፈርኩበት ባቡር ኒው ስትሪት ጣቢያ ካወረደኝ በኋላ በእግሬ ወደ ሴንተነሪ አደባባይ አመራሁ። በ2013 ከተከፈተውና ግድግዳው እርስ በርሳቸው በተያያዙ የብረት ቀለበቶች ከተሸፈነው የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ፣ በ1930ዎቹ የተሠራ ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል፤ ባስከርቪል ሃውስ ይባላል። ቦታው በሰውየው ዘመን ከከተማዋ ዳር የሚገኝ ኢዚ ሂል የተባለ ርስቱ ሲሆን፣ መኖሪያው፣ የአትክልት ስፍራውና ማተሚያ ቤቱ እዚሁ ነበሩ።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ዴቪድ ፓተን የተባለ ቀራጺ በ1990 የሠራቸው የድንጋይ ምሰሶዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ ከነሐስ የተሠራ አንድ ፊደል ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ስድስቱ ፊደላት ሲገጣጠሙ የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን ስም ይሰጣሉ። ምሳቸውን የሚበሉ የቢሮ ሠራተኞች ተደግፈዋቸው ሲያወጉ ደርሼ ነበር፤ ፊደላቱን ለማንበብ የሞከረ ግን አላየሁም። በእርሳስ ፊደል ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ፊደል ለቃሚዎች ቢሆኑ ኖሮ፣ ተገልብጦ ማንበብ የዕለት እንጀራቸው ነበርና፣ ቆም ብለው ስሙን በአንድ አፍታ ይጠሩት ነበር።

ባስከርቪል የተወለደው በዉስተርሺር አውራጃ፣ ከኪደርሚንስተር አጠገብ ባለችው ዎልቨርሊ በምትባል መንደር ሲሆን፣ ክርስትና የተነሣው በጥር 1707 ነው። በወጣትነቱ ወደ በርሚንግሃም መጥቶ የእጅ ጽሕፈት ያስተምር፣ በትርፍ ጊዜውም የመቃብር ድንጋይ ይቀርጽ ነበር። በዚያ ዘመን ለደንበኞች ማሳያ እንዲሆነው የቀረጻት አንዲት ጥቁር የሰሌዳ ድንጋይ እስካሁን አለች፤ የምትጠበቀውም በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ነው። በተፈለገው ዓይነት አጻጻፍ የመቃብር ድንጋይ እንደሚቀርጽ የምትገልጽ ማስታወቂያ ስትሆን፣ መስመሮቿ በተለያየ የፊደል ዓይነት ተጽፈዋል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሌላው የተጋደመ፣ ሌላው በድሮ መነኮሳት እጅ የተጻፈ የሚመስል ነው። እኔ በተለይ ያየሁት ወፍራሙ መስመር ወደ ቀጭኑ የሚሸጋገርበትን ቦታ ነው። መሮው አንድም ቦታ አልተንሸራተተም፤ ቀጭኑ መስመር እንደ ፀጉር ሰልሎ ሳይቆረጥ ያልፋል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በወረቀት ላይ ያተማቸው ፊደላት ከሌሎች አታሚዎች የሚለዩት በዚሁ ነው፦ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር በጣም ይራራቃሉ፣ የፊደሉም አቋም ቀጥ ይላል። ስለዚህ ባስከርቪል ፊደልን የተማረው ከማተሚያ ቤት ሳይሆን ከብዕርና ከመሮ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ገንዘቡን ያገኘው ግን ከፊደል አልነበረም። በ1730ዎቹ መጨረሻ ገደማ የብረት ትሪዎችንና ሣጥኖችን በጃፓን ዕቃዎች አምሳል በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የመለበጥ ሥራ ጀምሮ ከበረ። ሀብቱን የሚደብቅ ሰውም አልነበረም፤ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ልብስ ለብሶ፣ የራሱ ፋብሪካ በለበጣቸው ሥዕላዊ ሰሌዳዎች በተዋበ ሠረገላ ከተማውን ይዞር ነበር ይባላል። የፊደል ሥራውን በ1750 ገደማ የጀመረው ይህን ሁሉ ካገኘ በኋላ፣ ዕድሜው ከአርባ ካለፈ ወዲህ ነው።

በንባብ ክፍሉ ውስጥ አስቀድሜ የጠየቅሁት መጽሐፍ ለስላሳ ትራስ ላይ ተደርጎ ቀረበልኝ፤ በ1757 የታተመው የቨርጂል ግጥሞች ስብስብ ነው። የርዕስ ገጹ ላይ ሐረግ የለም፣ ጌጥ የለም፣ ሥዕል የለም፤ ሰፋ ሰፋ ብለው የተራራቁ ትልልቅ ፊደላት፣ ከታችም የከተማዋና የአታሚው ስም፣ ከዚያ በተረፈ ባዶ ወረቀት ብቻ ነው። በዘመኑ አታሚዎች ገጽን በጌጥ መሙላት ይወዱ ስለነበር ይህ ባዶነት ትልቅ ድፍረት ነው። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ሳደርገው ቀለሙ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ወረቀቱም ለስላሳ ነው።

ይህ እንዲሁ አልተገኘም። ፊደላቱን በእሱ ንድፍ የቀረጸለት ጆን ሃንዲ የሚባል ባለሙያ ነበር። በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ብረቱ በእሳት ጠንክሮ መዳብ ላይ ይመታል፤ መዳቡ ላይ በቀረው ጎድጓዳ ቅርጽ የቀለጠ እርሳስ ሲፈስ ለኅትመት የሚለቀመው ፊደል ይወጣል። ይሁን እንጂ እንዲህ የቀጠነ ፊደል በሻካራ ወረቀትና በውሃማ ቀለም ቢታተም ይበላሻል። ስለዚህ የተልባ ዘይት አፍልቶና ጥላሸት ቀላቅሎ የራሱን ቀለም ሠራ፤ የቫርኒሽ ነጋዴነቱ የጠቀመው እዚህ ላይ መሆን አለበት። ከመጽሐፉ ገጾች ከፊሉ ጄምስ ዋትማን በሠራውና የሽቦ መስመር በማይታይበት አዲስ ዓይነት ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። የታተመውንም ወረቀት በጋሉ የመዳብ ሰሌዳዎች መካከል አስገብቶ ይጫነው ነበር። ብዙዎች ባስከርቪልን ሲያወሱ ስለ ፊደሉ ቅርጽ ብቻ ይናገራሉ፤ እኔ ግን መጽሐፉን በእጄ ከያዝሁ በኋላ ቅርጹን ከቀለሙና ከወረቀቱ ነጥሎ ማመስገን አልቻልኩም።

የአገሩ ሰዎች ግን ሁሉም አልወደዱለትም። ፊደሎቹ ከመቅጠናቸው የተነሣ ዓይን ይጎዳሉ የሚል ወሬ ተነሣ። ራሱ አታሚ የነበረውና ከመጽሐፉ ስድስት ቅጂ ያዘዘው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለባስከርቪል በጻፈው ደብዳቤ ያጫወተው ነገር አለ። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ሰው ባስከርቪል የአገሩን አንባቢ ሁሉ ሊያሳውር ነው ብሎ ሲከራከረው፣ ፍራንክሊን ተነሥቶ የሌላውን እንግሊዛዊ ፊደል ሠሪ የዊልያም ካስሎንን የፊደል ማሳያ ወረቀት አመጣና ስሙ ያለበትን ጫፍ ቀድዶ የባስከርቪል ነው ብሎ ሰጠው። ሰውየውም ወረቀቱን እያገላበጠ ጉድለቱን በየመስመሩ አሳየ፤ ሲያነበው ዓይኑን እንደሚያመውም ተናገረ። ያነበበው ግን ያንኑ ዕለት ተዕለት ያለ ችግር የሚያነበውን የካስሎንን ፊደል ነበር። ፍራንክሊን እንዳያሳፍረው ብሎ ምስጢሩን አላወጣበትም።

ኪሳራው ግን ቀልድ አልነበረም። ባስከርቪል በ1758 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አታሚ ሆኖ ተሾመ፤ በ1763ም ዛሬ ድረስ ከእንግሊዝ አገር ውብ መጻሕፍት አንዱ የሚባለውን ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ አተመ። መጽሐፉ አልሸጥ ብሎ የተረፈው ቅጂ በርካሽ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስን እንዲህ አሳምሮ ያተመው ሰው ራሱ በሃይማኖት የማያምን ነበር። ከሣራ ኢቭስ ጋር የነበረው ኑሮም ሐሜት አላጣውም፤ ባሏ ጥሏት ስለጠፋ እሱ ቤት ገብታ ለዓመታት አብረው ኖሩ፤ የተጋቡት ባሏ ከሞተ በኋላ በ1764 ነው።

ባስከርቪል ሲሞት በኑዛዜው መሠረት የተቀበረው በአትክልት ስፍራው፣ ባልተባረከ መሬት ነበር። ቤቱ በ1791 በተነሣው ሁከት ተቃጠለ፤ ሬሳ ሣጥኑ በ1821 ለሥራ ሲቆፈር ተገኝቶ ሱቅ ውስጥ ሰው እየመጣ የሚያየው ሆነ። በኋላ በምስጢር አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተቀመጠ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ሲፈርስ ወደ ዋርስቶን ሌን መካነ መቃብር ተወሰደ። ከአደባባዩ በእግር ወደ ወርቅ ሠሪዎች ሰፈር ወጥቼ አየሁት፤ ግማሽ ክብ ሠርተው በእርከን የተገነቡት የመቃብር ክፍሎች ታሽገዋል። በ1963 አጽሙ ባልተባረከ መሬት ይቀበር የሚል አቤቱታ ቀርቦ ነበር፤ አልተፈጸመም። እንዲህ ሆኖ ቄስ አልፈልግም ያለው ሰው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ውስጥ ይገኛል።

ፊደላቱ የተቀረጹባቸውን የብረት ማኅተሞች ግን ሣራ ባስከርቪል ከሞተ በኋላ ለፈረንሳዩ ጸሐፌ ተውኔት ለቦማርሼ ሸጠቻቸው፤ እሱም የቮልቴርን ሥራዎች አተመባቸው። ከዚያ በፈረንሳይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረው በ1953 ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በስጦታ ተመልሰዋል። በ1996 ዙዛና ሊችኮ ከእነዚሁ ፊደላት ተነሥታ የሠራችው ፎንት ደግሞ የተሰየመው በሣራ ነው፤ ሚስስ ኢቭስ ይባላል።